ደሴ፦ የመንበር ከተማ ወይስ የበር ከተማ?

የአንድ ከተማ ታላቅነት በምን ይመዘናል? አንዳንዱ ሊቅ በሕዝቡ ብዛት፣ አንዳንዱ በንግዱና በሕንፃው፣ ሌላውም የመንግሥት መቀመጫ በመሆኑና ባለመሆኑ ይመዝናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ ደሴ ከተማ ታሪክ ጥቂት ዓመታት ሲመረምር ከቆየ በኋላ፣ እነዚህ ሚዛኖች ደሴን ሲመዝኑ እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ ስለ ተረዳ፣ ሐሳቡን ለሊቃውንትና ለተማሪዎች ፍርድ ለማቅረብ ደፍሯል። ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ፣ ‹እ.ኤ.አ.› ከተባለበት ቦታ በቀር፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አቅራቢው በባሕር ማዶ ይማር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ መምህር የአፍሪካን ከተሞች በትልልቅና በትንንሽ ነጥብ ያመለከተ ካርታ በሰሌዳው ላይ ሰቅሎ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት አንድ ትልቅ ነጥብና ጥቂት ትንንሽ ነጥቦች ነበሩ፤ ደሴ ግን ከትንንሾቹም መካከል አልተገኘችም። እያንዳንዱ ተማሪ የተወለደበትን ቦታ እንዲያሳይ በታዘዘ ጊዜ፣ የሆጤ ተወላጅ የሆነው ይህ ጸሐፊ፣ ሆጤ የደሴ ሠፈር መሆኑን፣ ደሴም የወሎ ርእሰ ከተማ የነበረች መሆኗን፣ ወሎም የት እንደሚገኝ በቅደም ተከተል ሲያስረዳ የትምህርቱ ሰዓት አለቀ። መምህሩም ካርታው የተሣለው በሕዝብ ብዛት ብቻ መሆኑን ገለጠለት። መልሱ ትክክል ነበረ፤ ጥያቄው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀውም።

ነገሩን ከቃሉ መጀመር ሳይሻል አይቀርም። ዛሬ ‹ከተማ› ስንል ቤቱ የተጠጋጋ፣ መንገዱ የተዘረጋ፣ ገበያው የደመቀ የሰው መኖሪያ እንረዳለን። በቀድሞው ዘመን ግን ከተማ ማለት ንጉሥ ወይም መኰንን ከነሠራዊቱ የሰፈረበት ቦታ ነበር፤ ድንኳኑ ሲነቀል ከተማውም አብሮ ይነቀል ነበር። ሥፍራውን ከፍ የሚያደርገው ሰፋሪው እንጂ አፈሩ አልነበረም። ከሰፋሪው የሚገኘውን ይህን ክብር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ‹መንበር› እንለዋለን። ከዚህ የተለየ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ማንም ቢሰፍር ባይሰፍር ከቦታው የማይነሣ፣ መንገዱ ሁሉ በዚያ በኩል እንዲያልፍ የሚያስገድድ የመሬት አቀማመጥ ነው። ይህንን ‹በር› እንለዋለን። ደሴ ከሠፈሮቿ አንዱን ሸዋ በር ብላ የጠራች ከተማ ስለ ሆነች፣ ቃሉን ከሩቅ አላመጣነውም።

ስለ ቍጥር ሚዛን አስቀድመን ጥቂት እንበል። አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ማርክ ጄፈርሰን በ1939 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የአንድ አገር ዋና ከተማ ከተከታዩ ከተማ ከመጠን ያለፈ ትልቅ እንደሚሆንና የአገሩን መንፈስ ሁሉ ወደ ራሱ እንደሚስብ አመለከተ። ከእርሱም በኋላ ጆርጅ ዚፍ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ከተማ የአንደኛውን እኩሌታ፣ አምስተኛውም አንድ አምስተኛውን ያህላል የሚለውን ስሌት አስፋፋ። በኢትዮጵያ ጄፈርሰን እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ዚፍ አልሆነለትም። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ አዲስ አበባ 2,112,737 ሕዝብ ሲኖራት፣ ሁለተኛይቱ ድሬዳዋ 164,851 ብቻ ነበራት፤ አንደኛይቱ ሁለተኛይቱን ወደ አሥራ ሦስት እጥፍ ትበልጣት ነበር ማለት ነው። በዚያው ቈጠራ ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋ፣ ከናዝሬትና ከጎንደር ቀጥላ አምስተኛ የሆነችው ደሴ፣ በዚፍ ስሌት ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሊኖራት ሲገባ የነበራት 97,314 ነዋሪ ነው። ከእርሷም ቀጥሎ መቀሌ 96,938፣ ባሕር ዳር 96,140 ተቈጠሩ። ከአምስተኛይቱ እስከ ሰባተኛይቱ ያለው ልዩነት 1,174 ሰው፣ ማለት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚሞላው ነው። ከአዲስ አበባ በታች ያለው ደረጃ ሁሉ እንዲህ ቀጭን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሆጤ ሜዳ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው፣ ይህች ከተማ ለምን እዚህ እንደ ተቈረቈረች መጠየቁ አይቀርም። በምዕራብ የጦሳ ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል አለ፤ በመካከሉ የቦርከና ውሃ ይወርዳል። ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ሜዳው ጠባብ፣ ብርዱ ብርቱ፣ ጭጋጉ የዘወትር ነው። ሥፍራው ለንጉሥ ድንኳን እንጂ ለትልቅ ከተማ የተመቸ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚሄድ በሀረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ትግራይ ይደርሳል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄድ በኩታበር በኩል ወደ ተንታና ወደ ደላንታ ይወጣል፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሓና ወደ ባሕር ይወርዳል። ደገኛውና በረኸኛው በባቲ የሰኞ ገበያ ይገናኛሉ። ከአራቱ አቅጣጫ የመጣ መንገድ ሁሉ ከዚህ ተራራ ጫፍ ሥር መገናኘቱ ነው የነገሩ ቍልፍ።

በሩ ከከተማይቱ የሚቀድም መሆኑን ለማስረዳት ሦስት ቦታዎችን ብቻ እንጥቀስ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ የሃይማኖትን ክርክር ለመቍረጥ ጉባኤ ያደረጉት በቦሩ ሜዳ ነው። በ1881 ዓ.ም. ኋላ ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል የተፈረመው በውጫሌ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራዊታቸው ተከቶ እንዲጠብቃቸው ያዘዙት በወረኢሉ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የሦስት ታላላቅ ነገሮች ዕጣ በደሴ ዙሪያ ተወሰነ፤ አንዱም ግን በደሴ ውስጥ አልተደረገም። ይህ የሆነው በአጋጣሚ ነው ብለን ለማለፍ ያስቸግራል። ሸዋና ትግራይ ሊነጋገሩም ሆነ ሊዋጉ ሲሹ መገናኛቸው ወሎ ነበር።

የከተማይቱን ስም ያወጡላት ዐፄ ዮሐንስ መሆናቸው በትውፊት ይነገራል። በዚያ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታይቶ፣ በደስታ ‹ደሴ› አሉት ይባላል። ትውፊቱ በሰማይ ምስክር አላጣም፤ በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዓለም ሁሉ የታየ እጅግ ብሩህ ጅራታም ኮከብ መኖሩን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መዝግበዋል። እንግዲህ ደሴ ስሟን ያገኘችው ከሚያልፍ ንጉሥ፣ ንጉሡም ከሚያልፍ ኮከብ ነው።

መንበር በእውነት ወደ ደሴ የመጣው በራስ ሚካኤል ነው። መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት የወሎ ባላባት ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ሲጠመቁ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። አስቀድሞ መቀመጫቸው ተንታ ነበረ። ወደ ደሴ ሲዛወሩ መድኃኔ ዓለምን ተከሉ፤ በኋላም አይጠየፍ የተባለውን ታላቁን የግብር አዳራሽ ሠሩ። የአዳራሹ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ገብቶ የሚበላውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይጠየፍም ማለት ነውና። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በየራሱ ሥጋ በሚለያይበት አገር ገዥ የሆነ ሰው ለአዳራሹ ይህን ስም መስጠቱ የአስተዳደር ጥበብ እንደ ነበረው የሚያሳይ ይመስለናል።

በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው በዐዋጅ ተነገረ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ሳይቈይ፣ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው በደሴ ዘውድ ጫኑ። ከዚያች ቀን አንሥቶ እስከ ሰገሌ ጦርነት ድረስ ባለው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ኢትዮጵያ ሁለት መናገሻ ነበራት ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በአዲስ አበባ መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ ነበሩ፤ የወጣቱ መሪ አባት ግን በደሴ ነበሩ፤ ሠራዊታቸውም ብዙ ነበረ። የሚሾመውም የሚሻረውም የደሴን ፊት ሳያይ አያድርም ነበር። በታሪኳ ሁሉ ደሴ ከዚህ በላይ ከፍ ብላ አታውቅም።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። መንበሩ በአንድ ቀን ወደቀ። እስረኛው ንጉሥ በአዲስ አበባ በሕዝብ ፊት ተመሩ፤ ሁለት ዓመትም ሳይሞላቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ወሎ ሹም ከማዕከል የሚላክለት አገር ሆነ። በ1920ዎቹ ግዛቱ ለአልጋ ወራሹ ለአስፋ ወሰን ሲሰጥ ክብሩ የተመለሰ ይመስል ነበር፤ ሆኖም የአልጋ ወራሽ አገር መሆን የአልጋው አገር ከመሆን የተለየ ነው። እያደር አልጋ ወራሹ በአዲስ አበባ ሲቀመጡ ወሎን የሚያስተዳድረው እንደራሴ ሆነ።

በሩ ግን አልወደቀም። ከሰገሌ በኋላ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ኢጣልያ በሰሜን በኩል ስትዘምት፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሠፈራቸውን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን በአውሮፕላን መቃወሚያ መሣሪያ አጠገብ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ዞረ። በከተማይቱ የነበሩት የውጭ አገር ጋዜጠኞች የድብደባውን ወሬ በዚያው ሰሞን ወደየአገራቸው አስተላለፉ። የደሴ ስም ከዚያ በፊት በዓለም ጋዜጦች እንዲህ ተጽፎ ያውቃል ብለን አናምንም። የተጻፈውም ስለ ግርማዋ ሳይሆን ስለ መንገዷ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከሆነ በኋላ ነገሩ በሳምንታት ተፈጸመ። አልጋ ወራሹ ደሴን ለቀቁ፤ ሚያዝያ 7 ቀን የኢጣልያ ጦር ገባባት። ማርሻል ባዶሊዮ ከዚያ ሆኖ በብዙ መኪና የተጫነውን ጦር አሰናዳና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከተያዘች በኋላ ለዋና ከተማይቱ የቀራት ጊዜ ሃያ ቀን ነበር።

እዚህ ላይ የመንበርና የበር ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ኢጣልያ የያዘችውን አገር በስድስት ግዛት ከፈለችው፤ ርእሰ ከተሞቹም አሥመራ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ጅማና ሞቃዲሾ ሆኑ። ደሴ በዝርዝሩ የለችም። ይሁን እንጂ ያው መንግሥት መንገድ ሲሠራ ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን ዋናውን ጎዳና በደሴና በኮምቦልቻ አሳልፎ፣ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ አወጣው። መንበር የነፈጋት እጅ በሩን አሰፋላት። በ1933 ዓ.ም. የነጻነቱ ጦር ከደቡብ ሲመጣ ጠላት የተከላከለው በዚያው በኮምቦልቻ ተራሮች ላይ ነው፤ ደሴም ሚያዝያ 18 ቀን ተለቀቀች።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ደሴም ርእሰ ከተማው ሆነች። ይህ ሁለተኛው መንበር ነው፤ ከመጀመሪያው ቢያንስም ዕድሜው ረዘመ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ወዲህ ደግሞ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ተከፈተ። ከአሰብ የሚመጣው የጭነት መኪና በረሓውን አቋርጦ፣ ባቲን አልፎ የሚወጣው ወደ ኮምቦልቻ ነበር። ቆላማይቱ ኮምቦልቻ፣ ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በከፍታ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኘው፣ ያደገችው በዚህ መስቀለኛ መንገድ ነው። ሹሙና ዳኛው፣ ጳጳሱና ቃዲው በደሴ ብርድ ሲቀመጡ፣ ጎማው፣ ነዳጁና መጋዘኑ በኮምቦልቻ ሙቀት ተቀመጠ። በኋላ ከአዋሽ በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ ሲሠራ ከጭነቱ ብዙውን ወሰደባት። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ መተላለፉ ተቋረጠ። ምሥራቃዊው በር ተዘጋ ለማለት ይቻላል።

በር ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ይህንንም የ1965ና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ያስረዳል። ከብቱ ያለቀበት፣ እህሉ ያልበቀለለት ገበሬ ወደ ዋናው ጎዳና ወጥቶ የሚያልፈውን መኪና እጁን ዘርግቶ ይለምን ነበር። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ረኃብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወሎ ሲጽፍ፣ ለክርክሩ ከጠቀሳቸው ማስረጃዎች አንዱ የደሴ ገበያ ዋጋ ነው። በረኃቡ ዘመን በደሴ የእህል ዋጋ እምብዛም አልተወደደም፤ ይልቁንም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደ ነበረ ሴን አስረድቷል። ገበሬው የጐደለው በገበያ ያለውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ ነበረ። እህል ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳልና፣ በጎዳናው ዳር የተቀመጠው የተራበ ሰው የጫነውን መኪና እያየ አሳለፈው።

ከዚህ ነገር ለታሪክ ተማሪ የሚተርፍ ትምህርት አለ። በደሴ ገበያ ዋጋው ሳይናጋ የሚያይ ሹም፣ አገሩ ደኅና ነው ብሎ ወደ በላይ ቢጽፍ፣ ያየውን ጻፈ እንጂ ፈጠረ ለማለት ያስቸግራል። ጥፋቱ ከጎዳናው ፈቀቅ ብሎ ወደ ገጠሩ አለመመልከቱ ነው። ደሴ ለአዲስ አበባ የወሎ መስኮት ሆና ሳለ፣ መስኮቱ የሚያሳየው መንገዱን ብቻ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው እስኪያሳዩ፣ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢም የረኃቡን ፊልም እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ ተሸፍኖ ቈየ። ያ ፊልም በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በሕዝብ ብዛት ካርታ ላይ ነጥብ ያልተሰጠው አገር ለዘውዱ መውደቅ ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

በር የሚያሳልፈው ጦርና እህል ብቻ አይደለም፤ ሐሳብም ያልፍበታል። በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ከየአውራጃው የመጣውን ልጅ በአንድ ግቢ ሰብስቦ አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዋለልኝ መኰንን፣ በዩኒቨርሲቲ ሳለ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ የተስማማውም ያልተስማማውም እስከ ዛሬ የሚከራከርበት ነው። ጸሐፊው በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞከር ከጓደኞቹ ጋር ተገደለ። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ቈይቶ፣ ኢሕአዴግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወሎን ለመያዝ ያደረገውን ዘመቻ በስሙ ጠራው። ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ አበባም ተያዘች። የ1928 ዓ.ም. መንገድ በሌላ ሠራዊት ተደገመ።

ስለ ዜማና ስለ ትምህርት ብንናገር ርዝመቱ አያልቅም፤ በአጭሩ እንለፈው። ከአራቱ የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን ያገኙት ከደሴ በስተ ሰሜንና በስተ ምሥራቅ ከሚገኙት የወሎ አገሮች ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያቋቋሙት ትምህርት በመላው አገር ገዳማትን አፍርቷል። የጀማ ንጉሥና የዳና መሻይኾችም ደረሶቻቸውን ከሩቅ አገር ስበው ያስተምሩ ነበር፤ በዐረብ ፊደል የተጻፈው የአማርኛ መንዙማም ከዚያ ተሰራጨ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የደሴ ከተማ ሥራ አይደለም። በሩ የሚያገናኛቸው የየራሱ መንደር ሥራ ነው፤ ነገር ግን ወሎ ሲባል በሌላው ኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚሰማው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ። በ1980 ዓ.ም. በተደረገው የአስተዳደር ክፍፍል ወሎ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ፤ ደሴ የግማሹ ርእሰ ከተማ ሆና ቀረች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክልሎች ሲቋቋሙ የአማራ ክልል መቀመጫ ባሕር ዳር ሆነች፤ ደሴ ወደ ዞን ከተማነት ወረደች። የሆነውን በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ እንይ። በ1987 ዓ.ም. ከደሴ ጋር እኩል ለእኩል የነበሩት መቀሌ 215,914፣ ባሕር ዳር 155,428 ደረሱ። ያን ጊዜ ከሰባ ሺህ በታች የነበረባት ሐዋሳ 157,139 ሆነች። ደሴ 120,095 ነበረች፤ ጅማና ጅጅጋም በጥቂቱ አለፏት። ከአምስተኛነት ወደ አሥረኛነት ወረደች ማለት ነው። ካለፏት መካከል መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ጅጅጋ የክልል መንበር ያገኙ መሆናቸውን ማየት ይበቃል። በዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የደሴ ተራራ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው ማኅተሙና በጀቱ ነው።

ሆኖም የቈጠራውን ወሰን በሌላ መንገድ ብናሰምረው መልሱ ይለወጣል። ደሴና ኮምቦልቻ በመዝገብ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ በኑሮ ግን አንድ ከሆኑ ቈይተዋል። ባለሱቁ እዚያ ያድራል፣ እዚህ ይነግዳል፤ ተማሪው እዚህ ተወልዶ እዚያ ይማራል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ግቢውን በሁለቱም ከፍሏል። በ1987 ዓ.ም. የኮምቦልቻን 39,466 ከደሴ 97,314 ጋር ብንደምር 136,780 ይሆናል፤ ይህም ናዝሬትንና ጎንደርን በልጦ ከድሬዳዋ ቀጥሎ ሦስተኛ ያደርጋቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ 58,667 ስለ ነበረ፣ ድምሩ 178,762 ይሆናል፤ ይህም ሐዋሳንና ባሕር ዳርን አስከትሎ በስድስተኛው ቦታ ያቆማቸዋል። የሚቃወም ሰው፣ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹንም ከተሞች ከጎረቤታቸው ጋር ደምር ሊለን ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። እኛ ግን የምንለው ደረጃው ሐሰት ነው ሳይሆን፣ የአንድ በር ሁለቱ መቃኖች ለየብቻ ሲቈጠሩ በሩ ከቍጥሩ እንደሚጠፋ ነው።

የቅርቡን ነገር በታሪክ ዓይን ለማየት ጊዜው ገና መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ከጉዳያችን የሚገባውን ብቻ እንጥቀስ። በሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ተጠልሎ ሳለ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች በመጀመሪያ ደሴን፣ ቀጥሎም ኮምቦልቻን ያዙ። ጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በመላው አገሪቱ ታወጀ። ሁለቱ ከተሞች ኅዳር 27 ቀን በመንግሥት ሠራዊት እጅ መመለሳቸው ተነገረ። በእነዚያ ሳምንታት ይህ ጸሐፊ ከሆጤ ዘመዶቹ ድምፅ ለመስማት ሲጠባበቅ፣ የዓለም ራዲዮ ሁሉ ‹ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ስልታዊ መንገድ› እያለ ስለ ደሴ ሲያወራ ያደምጥ ነበር። የተናገሩት ትክክል ነበረ። ነገር ግን ዘመዶቹ በዚያ መንገድ ላይ እንደሚኖሩ የተናገረ አልነበረም። የበር ከተማ ዕድል ይህን ይመስላል፤ በሰላም ጊዜ በአሥረኛ ደረጃ ትቈጠራለች፣ በጦርነት ጊዜ በአንደኛ ትፈለጋለች።

የበሩ ክብደት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደ መሄዱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ምርመራው ይጐድላል። የአውሮፕላን ማረፊያው በኮምቦልቻ ነው፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ ስሙ የሚጠራው አዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ ተብሎ ነው፤ የደሴ ስም በመካከሉ የለም። ለዚህ ሹም አይወቀስም፤ ሜዳ ያለው በታች ነው። ደሴ ገበያዋን፣ ሆስፒታሏን፣ ትምህርት ቤቶቿንና ፍርድ ቤቷን ይዛ በተራራው ላይ ቆይታለች። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ ስላልተደረገ፣ በሁለቱ መካከል ሚዛኑ ምን ያህል እንደ ተዛወረ በቍጥር ለመናገር አይቻልም። ለጊዜው ለምርመራ የሚመቸው ማስረጃ የሀረጎ መንገድ ነው። ማለዳ በጭጋጉ ውስጥ ቁልቁል የሚወርደውን ሰውና ማታ ሽቅብ የሚመለሰውን ሰው አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ በመንገዱ ዳር ተቀምጦ አንድ ወር ቢቈጥር፣ ከየትኛው ወገን ሥራ፣ ከየትኛው ወገን ቤት እንዳለ ከማንኛውም መዝገብ በተሻለ ይነግረናል።